የአዳዳ ድምፅ በባጃጅ ባትሪ

አዳዳ ካልዘፈነችላት ወተቷን የማትለቅ ላም አለችን። አዳዳ የአባቴ እህት ናት። በኦሮምኛ የአባት እህት አዳዳ ትባላለች፤ እኛ ቤት ከእማዬ ጀምሮ በሌላ የሚጠራት የለም። ላሟ ጥጃዋ ገና ሳይጠነክር ነው የሞተባት። ሌላ ሰው ቢሆን የጥጃውን ቆዳ ገፎ ጭድ ይጠቀጥቅበትና አጠገቧ ያቆምላት ነበር። አዳዳ ግን "እሷን እንደ ሞኝ አላታልላትም" አለችና በቆዳው ፋንታ ድምጿን ሰጠቻት። ጠዋትና ማታ ባልዲውን በጉልበቶቿ መሀል አጣብቃ፣ ግንባሯን ላሟ ሆድ ላይ ደግፋ፣ "ያ ሳዓ ኮ" እያለች ትዘፍንላታለች። ላሜ ሆይ እንደ ማለት ነው። ላሟ ጆሮዋን ወደ ኋላ ትጥላለች፤ ትንሽ ቆይቶ ወተቱ ባልዲው ውስጥ ቸር ቸር ማለት ይጀምራል። እማዬ ብትሞክር ረገጠቻት። እኔ ብሞክር ዞር ብላ ዝም ብላ አየችኝ። እሱ ከእርግጫውም ይብሳል።

ያን ሰሞን ሰበታ ላይ ተቃውሞና አድማ ስለነበር መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ማስተር ፕላን የሚለውን ቃል ያልሰማ ከብት እንኳ የቀረ አይመስለኝም ነበር። የኛ ቤት ያለበት መሬት ወደ ማን እንደሚጠቃለል እስኪለይ ቆጣሪ አይገባም ይባላል፤ ስለዚህ መብራታችን ከጎረቤት ቆጣሪ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ተስቦ የመጣ ቀጭን ሽቦ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የእማዬ ሱቅ ተዘግቷል። አባቴ የጭነት መኪናውን ይዞ ከተፍኪ ማዶ ቀርቷል። ኢንተርኔት የለም፤ ስልኩም ሲፈልግ ይሠራል፣ ሳይፈልግ ይተወዋል። ቤት ውስጥ የሚገባ ገንዘብ ቢኖር ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ጆግ ይዞ እየመጣ የሚገዛው ወተት የሚያስገኘው ብቻ ነበር።

በዚያ ላይ የአዳዳ ቀጠሮ ደረሰ። አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት ከጊዜ ወደ ጊዜ እያበጠ፣ ስትተኛ ትንፋሽ እየከለከላት መጥቶ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ቤት ለኦፕራሲዮን ሲቀጥራት ሐኪሙ አስቀምጦ ነግሯታል። ድምፅ የሚያወጣው ነርቭ እዚያው እብጠቱ ሥር ነው ያለው፣ ሊነካ ይችላል ብሏታል። ተመልሳ ስትነግረን እየሳቀች ነበር።

"ቢነካስ ምን ይሆናል?" አልኳት።

"ሹክሹክታ ይሆናል አሉ። ለሐሜት ይበቃኛል።"

"ለላሟስ?"

ሳቋን አቆመች። ላሟን ነው የረሳችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሌላ ጭንቀት ገባ፦ አዳዳ ሐኪም ቤት ስትተኛ ላሟን ማን ያልባታል? ድምፅ አልባ ሆና ብትመለስስ? ያልታለበች ላም ጡቷ ያብጣል፣ ይታመማል፣ ከዚያ በኋላ ወተት የሚባል ነገር የለም። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ ከላሟ በፊት ያሰብኩት አዳዳን ነው። ሰርግ ቤት ስትገባ ሌሎቹ ሴቶች ጉሮሯቸውን የሚጠርጉት እሷን ለመቀበል ነው። ያ ድምፅ የትም አልተቀረፀም። ማንም አስቦት አያውቅም።

እኔ ደግሞ ሳጥን ነበረኝ።

ስሙ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ነው፤ እማዬ "የወተት ቆርቆሮው" ትለዋለች፣ ምክንያቱም የሠራሁት በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ማይክ የሰማውን ይቀበልና ኮምፒውተር ወደሚገባው ቁጥር ይቀይረዋል። ውስጡ ሁለት ቦርዶች አሉ። አንዱ ቀያሪው ነው፤ እሱ ትንሽ በልቶ አዳሪ ስለሆነ ከኮምፒውተሩ በዩኤስቢ ገመድ የሚመጣው ይበቃዋል። ሁለተኛው የማይኩን ድምፅ የሚያጎላው ነው፤ እሱ ዐሥራ ሁለት ቮልት ይፈልጋል። እሱን የማበላው ከተበላሸ የዲሽ ሪሲቨር በተረፈ ቻርጀር ነው። ቦርዶቹን አባቴ ከመርካቶ አመጣልኝ፤ አሠራሩን ኢንተርኔት ሳይጠፋ በፍላሽ ከጫንኩት ቪዲዮ ላይ እያቆምኩ እያስኬድኩ ተማርኩ። ማይኩ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ የጣለው ነው። ሽቦው ተበጥሶ ነበር፣ በየድኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ በሳጥኑ በኩል የራሴን ትንፋሽ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማ አልጋ ላይ ተነሥቼ ዘለልኩ። እስካሁንም ስጽፈው ደስ ይለኛል።

"አዳዳ፣ ልቅረፅሽ" አልኳት። "ለላሟ እናጫውትላታለን።"

ለራሷ ብላት እሺ አትልም ነበር። ለላሟ ስል ግን አሰበችበት። ችግሩ ሐዘኑ ነበር። ከኛ ጀርባ ካለው ግቢ አንድ ልጅ በሁከቱ ሞቶ ትናንት ተቀብሯል። ድንኳኑ ከአጥራችን ማዶ ነው፤ ለቀስተኛ ሲያስል ይሰማናል። ሳልስት ሳይወጣ በሰፈሩ ሬዲዮ የሚከፍት ሰው የለም፤ መዝፈን ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

"ላሟ ስትታለብ ግን እየዘፈንሽ ነው" አልኳት።

"እሱ ዘፈን አይደለም። ሥራ ነው። እሱንም በአፍንጫዬ ነው የምለው። ለቀስተኛ ሰምቶኝ አያውቅም።"

"እንግዲያው ሥራሽን ሥሪ፣ እኔ አጠገብሽ እሆናለሁ።"

ያንኑ ጠዋት ማይኩን ካልሲ አልብሼ በበረቱ ወጋግራ ላይ በሲባጎ አንጠለጠልኩት። ሳጥኑን ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ፤ ከቤት የሳብኩትን ዲቫይደር አመጣሁና ቻርጀሩንም የአባቴን ላፕቶፕም ሰካሁበት። አዳዳ ድምጿን ቀንሳ፣ ከንፈሯን ሳትከፍት ማለት ይቻላል፣ ጀመረች። በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማኝ እጅግ ትንሽ ነው። የማጉያውን ቁልፍ ጨመርኩ። አሁንም ጨመርኩ። ከድምጿ ጋር አብሮ አንድ ነገር መጣ፦ ም-ም-ም-ም የሚል፣ የማያቋርጥ፣ የተቆጣ ንብ ቀፎ የመሰለ። ባልዲው ሲሞላ መልሼ አሰማኋት።

"ይኼ እኔ ነኝ ወይስ ወፍጮ?" አለች።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "ወፍጮው ይሻላል፣ እሱስ ዱቄት ያወጣል" አለች።

ጩኸቱ የሚመጣው ከሽቦው እንደሆነ ገባኝ። ያ ከጎረቤት ተጎትቶ፣ ሦስት ቤት አልፎ፣ በየመንገዱ ተቀጥሎ የመጣ መብራት የስንቱን ፍሪጅና የስንቱን አምፖል ጩኸት ይዞ ነው ሳጥኔ ውስጥ የሚገባው። ጮክ ብላ ብትዘፍን ድምጿ ይሸፍነው ነበር፤ ሐዘን ስላለ ጮክ ማለት አይቻልም። ቀስ ካለች ደግሞ ማጉላት አለብኝ፤ ሳጎላ ወፍጮው ይጎላል። መውጫው አንድ ነው፣ ከግድግዳ የማይመጣ መብራት ማግኘት። ዐሥራ ሁለት ቮልት፣ ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ። ማታ እንሞክራለን፣ ካልሆነም ነገ አለ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ዘመዳችን እያለከለከ መጣ። ነገ ጎህ ሳይቀድ መንገዱ ለጥቂት ሰዓት ይከፈታል፣ ዱቄት የጫነ አይሱዙ ወደ አዲስ አበባ ይገባል፣ ሾፌሩ አዳዳን ጋቢና ያስቀምጣታል አለ። ይኼ ካመለጠ ቀጠሮው ይቃጠላል። አዳዳ ነጠላዋን ማጠፍ ጀመረች። ስለዚህ የቀረን የዚያ ማታ አለባ ብቻ ሆነ።

ባጃጅ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። የባጃጅ ባትሪ ዐሥራ ሁለት ቮልት ነው። በሰፈራችን ደግሞ በአድማው ምክንያት የቆመ ባጃጅ ነበር፤ ባለቤቱን እኛ ልጆች "ኦቦ ባጃጅ" እንላቸዋለን፤ ሲጠሩ ግን ኦቦ ብቻ ነው፣ አቶ እንደ ማለት። ዋናውን መንገድ ተሻግሬ ቤታቸው ሄድኩ። ባጃጃቸውን ሸራ አልብሰው አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

"ኦቦ፣ ባትሪዎን ለዛሬ ማታ ቢያውሱኝ?"

"ለምንሽ?"

"አዳዳን ልቀርፃት ነው። ለላሟ።"

  ተነሥተው ባትሪውን ፈቱልኝ። ምልክቶቹ በዝገት ስለጠፉ በፖዘቲቩ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰሩ።

"ስሚኝ" አሉ፣ "ውስጡ ያለው አሲድ ነው። ክዳኑ ልቅ ነው። ካዘነበልሽው ቀሚስሽን ይበላዋል፣ ከዚያ እግርሽን ይቀጥላል። ቀጥ አድርገሽ ያዢ። ልጆቹ ሲጠይቁሽ ደግሞ አትዋሺ።"

ልጆቹ ያሏቸው መንገዱ ላይ ድንጋይ ደርድረው የተቀመጡትን ነው። ስሄድ ባዶ እጄን ስለነበርኩ ማንም አልጠየቀኝም። ስመለስ አንዱ ተነሣ። ትምህርት ቤት ከእኔ አንድ ክፍል ይበልጣል፤ ሰልፍ ላይ ባንዲራ የሚሰቅለው እሱ ነበር።

"አንቺ፣ ቁሚ። ኤሳ ዴምታ?" አለኝ። ወዴት ነው ማለቱ ነው።

"ቤት።"

"የኦቦ ባትሪ አይደለም እንዴ? ሰውዬው ነገ ሊሠራ ነው። ቻርጅ አስደርጊ ብሎ ልኮሻል።"

"ሊሠሩ ቢፈልጉ ባትሪውን ያወጡታል? አሁን እኮ ባጃጃቸው ከዚህ ድንጋይ አይሻልም።"

"ታዲያ ለምንድን ነው?"

"ለላም።"

ከኋላው ያሉት ሳቁ። "ላማችሁ ባጃጅ ሆነች እንዴ?" አለ አንዱ። "እየገፋችሁ አስነሷት" አለ ሌላው። የጠየቀኝ ልጅ ግን አልሳቀም። ዐይኑ ቀልቷል፤ ከትናንት ወዲህ የተኛ አይመስልም።

"አስቀምጪው።"

መሬት ላይ አስቀመጥኩት። 

"ትናንት ማንን እንደቀበርን ታውቂያለሽ። ላም ምናምን እያልሽ አትቀልጂብኝ።"

"አውቃለሁ። ድንኳኑ ከኛ አጥር ጀርባ ነው። ስለሱ ነው ባትሪ ያስፈለገኝ። አክስቴ ቀስ ብላ ነው የምትዘፍነው፣ ለላሟ ብቻ፣ እንዳይሰማ። ቀስ ስትል ደግሞ በመብራት አይቀረፅም።" ሳወራው ለራሴም እብድ መሰልኩ።

አፉን ሊከፍት ሲል ከወደ ድልድዩ የመኪና ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ተኩስ። አንድ፣ ትንሽ ቆይቶ ብዙ። ልጆቹ በየአጥሩ ገቡ። መንገዱ ላይ ድንጋዩ፣ ባትሪውና እኔ ቀረን። ጥዬው መሄድ ነበረብኝ፣ እማዬ እስካሁን የምትለኝ እሱን ነው። አነሣሁት። ሮጥኩ ብል ግማሹ ውሸት ነው፤ ከወገቤ በታች ሮጥኩ፣ ከወገቤ በላይ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብዬ ነበር። ቀጥ ብዬም አሲዱ ነጥቦ ቀሚሴ ላይ ቀዳዳ አወጣ። ግቢ ገብቼ እማዬ በሩን ከኋላዬ ስትቀረቅር ወደ ባትሪው አየሁ። ቀዩ ጨርቅ የለም።

ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ እንደ መንታ ነው የሚመሳሰሉት። ገልብጬ ካገናኘሁ ማጉያው ቦርድ ይቃጠላል፤ ሌላ ቦርድ ያለው መርካቶ ነው፣ መርካቶ ደግሞ በዚያ ማታ ከጨረቃ ይርቃል። ተመልሶ ኦቦን መጠየቅ አይታሰብም፤ ስልክ ጠፍቷል። በረት ውስጥ ላሟ እምቧ ማለት ጀምራለች።

"ፍጠኚ እንጂ፣ ጡቷ ሞላ" አለች አዳዳ።

ቁጭ ብዬ ራሴን ያዝኩ። ቴስተር የለኝም። ከዚያ የኬሚስትሪ ክፍላችን መጣልኝ፤ መምህራችን በብርጭቆ ውስጥ ያሳየን ነገር።

"እማዬ፣ ውኃና ጨው።"

"ልጄ፣ አሁን ጨው ምን ያደርጋል?"

"እባክሽ።"

አመጣችልኝ። ከባትሪው ሁለቱ ጫፎች ሁለት ሽቦ ስቤ ጨው ውኃው ውስጥ አራርቄ ነከርኳቸው። ሦስታችንም ብርጭቆው ላይ አጎነበስን። በአንደኛው ሽቦ ዙሪያ አረፋ ተንጨፈጨፈ፤ የሌላው ጫፍ ቀስ እያለ አረንጓዴ ሆነ። አረፋው የሚበዛበት ኔጌቲቭ ነው። ርግጠኛ ነበርኩ፣ ግን ሽቦውን ከሳጥኑ ጋር ሳገናኝ ዐይኔን ጨፈንኩ። ስከፍት ትንሿ አረንጓዴ መብራት በርታለች። ጭስ የለም።

ጆሮ ማዳመጫውን አደረግሁ። ም-ም-ም-ም። ቀንሷል፣ ግን አለ።

ላለቅስ ደረስኩ። አዳዳ ባልዲውን ይዛ ተቀምጣለች፤ እሷ ከተቀመጠች ላሟ ትጠብቃለች፣ ግን ብዙ አትታገስም። ከየት ነው የሚመጣው? ሳጥኑ አሁን ከግድግዳ ጋር አይገናኝም። ገመዱን በጣቴ እየተከተልኩ ሄድኩ፦ ማይክ፣ ሳጥን፣ ዩኤስቢ፣ ላፕቶፕ፣ የላፕቶፑ ቻርጀር፣ ዲቫይደሩ። ላፕቶፑ እንደተሰካ ነው። ወፍጮው በኋላ በር ነው የገባው።

ነቀልኩት። ጸጥ አለ። እንዲያ ያለ ጸጥታ በጆሮዬ ሰምቼ አላውቅም፤ ላሟ ስታመሰኳ እንኳ ይሰማል። ነገር ግን የአባቴ ላፕቶፕ ያረጀ ነው፤ ከሶኬት ከተለየ ባትሪው አንድ ዘፈን መጨረሱም ያጠራጥራል።

"አዳዳ፣ አሁን። ሁሉንም አሁን።"

ግንባሯን ላሟ ላይ ደገፈች። "ያ ሳዓ ኮ" አለች፣ ከትንፋሽ ትንሽ ከፍ አድርጋ። ቁልፉን እስከ ጥግ አዞርኩት። ድምጿ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ፤ ምላሷ ከላንቃዋ ስትላቀቅ፣ ቃሉን ሳትጨርስ አየር ስትስብ፣ እንቅርቱ ትንፋሿን ሲይዝባት ሁሉ ይሰማኛል። ከጎኗ ስኖር ኖሬ እንደዚያ ቅርብ አልሰማኋትም። ወተቱ ጀመረ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው የባትሪ ምልክት ቀላች። አዳዳን በእጄ ፍጠኚ አልኳት፤ ፈጠነች። ባትሪው ሳያልቅ ካላስቀመጥኩት ሁሉም ይጠፋል፤ ካቆምኩት ደግሞ መጨረሻው አይኖርም። ሌላ ስንኝ ጠበቅሁ። ከዚያ አቆምኩና "ሴቭ" የሚለውን ተጫንኩ። ማስቀመጥ ሲጀምር ምን ያህል እንደተቀመጠ የምታሳየው መስመር ወደ ቀኝ ስትሄድ አየሁ። ስክሪኑ ጠቆረ። መስመሯ ትድረስ አትድረስ አላየሁም።

አዳዳ የቀረውን ለላሟ ብቻ ዘፍና ጨረሰች። ቻርጀሩን መልሼ ልሰካ ስል የበረቱ አምፖል ጠፋ። የሰፈሩ ሁሉ ጠፋ።

ጎህ ሳይቀድ አዳዳ በሻማ ጫማዋን ስታስር አሁንም መብራት አልመጣም።

"አለ ወይ?" አለችኝ። ስለ ድምጿ ነው።

"እንጃ።"

"እንጃ ብለሽ ነው የምትሸኚኝ?"

"ሌላ ልበልሽ?"

"አይ" አለችና ጉንጬን ሳመችኝ። የአይሱዙው ድምፅ እስኪጠፋ አጥሩ ላይ ቆምን።

መብራት የመጣው ላሟ በረቱን በቀንዷ መግፋት ስትጀምር ነው። ላፕቶፑ እስኪነሣ እማዬ ባልዲውን አጠበች። ከፈትኩት። አለ። ከመጀመሪያው እስከዚያች እስከ ጠበቅኋት ስንኝ ድረስ አለ። ወደ ስልኬ ገለበጥኩት፣ ከሱቁ ትንሿን ስፒከር አመጣን፣ ድምፁን ከአጥር እንዳያልፍ ቀንሰን ገንዳው ውስጥ ሣር ሥር ቀበርነው። ባልዲውን አዳዳ እንደምትይዘው ያዝኩ፣ ግንባሬን ደገፍኩ። ላሟ መጀመሪያ ሣሩን አሸተተች። ከዚያ እኔን አየች። ከዚያ ሣሩን። ጆሮዋ ወደ ኋላ ሲወድቅ እማዬ ትከሻዬን ጨመቀችኝ። ወተቱ መጣ። ቅጂው አልቆ እንደገና እስኪጀምር ድረስ ትይዘዋለች፣ ሲጀምር ትለቃለች፤ እንዲህ እየተቆራረጥን ባልዲውን ሞላን። ጆግ ይዘው የመጡት ጎረቤቶች አዳዳ አልሄደችም እንዴ አሉ።

ስልክ የመጣ ዕለት የደወለችው እሷ ናት። መጀመሪያ ማን እንደሆነች አላወቅኋትም። ወረቀት በወረቀት ላይ ሲፈተግ የመሰለ ነገር ነው የሚሰማው።

"ታለበች?" አለኝ ወረቀቱ።

"በቀን ሁለቴ። ድምፅሽ ግን..."

"ነርቩ ተነክቷል አሉ። ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም። ማሩም ሻዩም እየተጠጣ ነው፣ እናያለን። አሰሚኝ እስቲ።"

ስልኩን ስፒከሩ ላይ አስጠጋሁላት። እስኪያልቅ ሰማችው።

"መሀሉ ላይ ፈጥኛለሁ" አለች። "አጣደፍሽኝ።"

"ስትመለሺ ቀስ ብለን እንደገና እንቀርፀዋለን።"

"እሺ። ይኼኛውን ግን አታጥፊው።"

"ለላሟ?"

ስታስል ሰማኋት። "ለላሟም" አለች።